የተከረከመው ሞገድ፦ የጊታር ኢፌክት ሰርኪውቶችና የብሬድቦርድ ታሪክ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።



ንግግሬን በአንድ ትንሽ ኑዛዜ ልጀምር። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ሳለሁ በቤተ ሙከራ ከሠራናቸው የመጀመሪያ ልምምዶች አንዱ ባለ አንድ ትራንዚስተር ማጉያ ነበር። ወደ ማጉያው የምናስገባው ትንሽና ለስላሳ ሞገድ መልኩን ሳይለውጥ ገዝፎ በኦሲሎስኮፑ መስኮት ላይ መታየት ነበረበት። በእኔ መስኮት ላይ የታየው ግን አናቱ በቢላ የተከረከመ የሚመስል ሞገድ ነበር። የልምምዱ መመሪያ ስለዚህ ነገር የሚለው አልነበረም፤ ሰዓቱም እያለቀ ነበር። እኔም ያየሁትን ትቼ ማየት የሚገባኝን በደብተሬ ላይ ሣልሁ። ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ያ የተከረከመ ሞገድ ምን እንደሆነ ግን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያንኑ ሞገድ ደግሜ አገኘሁት፤ በዚህ ጊዜ በሙዚቃ ውስጥ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የኤሌክትሪክ ጊታርን ጠባይ የለወጠው፣ «ፈዝ» የሚባለው ሻካራ ድምፅ፣ በመሠረቱ አናቱ የተከረከመ ሞገድ ነው። እኔ በደብተሬ ላይ የደበቅሁትን ሌሎች ሰዎች አዳምጠውታል፣ መርምረውታል፣ በሳጥን አድርገው ሸጠውታል። ዛሬም ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በብሬድቦርድ፣ ከጥቂት ሳንቲም ዕቃዎች እንደገና ይሠሩታል።

የዛሬው ንግግሬ የዚህ ድምፅና የዚህ ሰሌዳ ታሪክ ነው። ላስረዳ የምሞክረው አንድ ሐሳብ ነው። ብልሽት ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። ዕውቀት የሚሆነው አንድ ሰው ቆም ብሎ ሲያዳምጠው፣ ምክንያቱን ሲጠይቅና በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊያመጣው ሲችል ነው። ለዚህ ደግሞ መሳሳት ብዙ የማያስከፍልበት ቦታ ያስፈልጋል።

ጆሯችን አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር

ወደ አሜሪካ ከመሻገራችን በፊት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሻካራ ድምፅን እንደ ውበት መስማት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገናን ያዳመጠ ሰው ያን ጥልቅና ነዛሪ ድምፅ ያውቀዋል። ያ ንዝረት ከአውታሩ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ አውታሩ ሲመታ የሚነዝርበትን ትክክለኛ ቦታ ይፈልጋል። እንዚራዋ ያለቦታዋ ከሆነች አውታሩ ይሰማል፤ በገናው ግን በገና አይሆንም። እንግዲህ የበገና ባለሙያ ያን ንዝረት ሲያደርግ አንድን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከሩ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያንን ንዝረት በፈለገው ጊዜ ደግሞ ማምጣት ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ታሪክ ሌሎች ሰዎች፣ በሌላ መሣሪያ፣ ወደዚህ ችሎታ እንዴት እንደደረሱ ነው።

ከሜምፊስ እስከ ናሽቪል

በ1951 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ፣ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ውስጥ «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ተቀረጸ። የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ካይዛርት አምፕሊፋየር ከሚሲሲፒ ሲመጣ በጉዞ ላይ ተጎድቶ ነበር። የስፒከሩ ወረቀት በመቀደዱ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ አምፕሊፋየር ስላልነበረ ቀዳዳው ወረቀት ተጠቅጥቆበት ቀረጻው ቀጠለ። ፊሊፕስ ድምፁን ወደደው፤ ዘፈኑም ታዋቂ ሆነ። ይሁን እንጂ ድምፁ የዚያ የተቀደደ ስፒከር ነበርና ከስፒከሩ ጋር ቀረ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ሊንክ ሬይ «ራምብል» የተባለውን ቃል አልባ ሙዚቃ ሲቀርጽ በአደጋ አልተማመነም። የአምፕሊፋየሩን ትናንሽ ስፒከሮች በእርሳስ ወጋቸው። በ1964 ደግሞ በለንደን የኪንክስ ቡድን ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ሰነጠቀው። እዚህ ላይ አንድ እርምጃ እናያለን። ካይዛርት ብልሽትን ተቀበለ፤ ሬይና ዴቪስ ብልሽትን አዘዙ። ሆኖም መሣሪያውን ሳያበላሹ ድምፁን የሚያገኙበት መንገድ አልነበራቸውም። የተሰነጠቀ ስፒከር መልሶ ደኅና ስፒከር አይሆንም። ተጫዋቹ በአንዱ ዘፈን ሻካራ፣ በሌላው ለስላሳ ድምፅ ቢፈልግ ምን ያደርጋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ሌላ ብልሽት ነው። በ1960 መጨረሻ ላይ በናሽቪል ከተማ፣ በኦወን ብራድሌይ ስቱዲዮ፣ ማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ወሪ» የተባለውን ዘፈኑን እየቀረጸ ነበር። ግሬዲ ማርቲን የተባለው ጊታር ተጫዋች ባለ ስድስት ክር ቤዝ ጊታሩን በቀጥታ ከስቱዲዮው የድምፅ መቆጣጠሪያ ጋር አገናኝቶ ነበር። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለ አንድ ትራንስፎርመር በድንገት ተበላሸ፤ የቤዙም ድምፅ እንደ ንብ መንጋ ተርገበገበ። ይጥፋ ወይስ ይቅር የሚል ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ቀረ። ዘፈኑ በ1961 ወጥቶ በአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ይባላል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው እሱ ነው። ስኖዲ ቴፑን አስቀመጠ፤ የተበላሸውንም ክፍል ለይቶ አወቀ። ሌሎች ሙዚቀኞች ያን ድምፅ ፈልገው ሲመጡ ግን ያ የተበላሸ ክፍል ጨርሶ ሞቶ ነበር። እንግዲህ ስኖዲ ድምፁን እንዳጋጠመው ሳይሆን እንደ ተረዳው አድርጎ መሥራት ነበረበት። ሬቪስ ሆብስ ከተባለ የሬዲዮ ጣቢያ መሐንዲስ ጋር ሆኖ በትራንዚስተር የሚሠራ ሰርኪውት ነደፈ። ሁለቱ ንድፋቸውን ለጊብሰን ኩባንያ አቀረቡ፤ በግንቦት 1962ም የፓተንት ጥያቄ ገባ። «ማየስትሮ ፈዝ-ቶን» የተባለው ፔዳል በዚያው ዓመት ለገበያ ቀረበ። በውስጡ ሦስት የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ነበሩ፤ የሚሠራውም በሁለት ትናንሽ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪዎች ነበር። በእግር ሲረገጥ ድምፁ ይሻክራል፤ ደግሞ ሲረገጥ ይለሰልሳል። ምላጭ አያስፈልግም።

ሠሪው ያላወቀው ጥቅም

ፔዳሉ ወደ ገበያ ሲወጣ የሆነው ነገር ለማንኛውም መሐንዲስ ትምህርት ነው። ጊብሰን ዕቃውን ያስተዋወቀው ጊታርን እንደ ጥሩምባ፣ እንደ ዋሽንትና እንደ ሌሎች የትንፋሽ መሣሪያዎች የሚያስመስል ብልሃት አድርጎ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 5,000 ያህል ፔዳሎች ወደ ሱቆች ተላኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ባለ ሱቆቹ ሌላ አላዘዙም። ጥሩምባ የፈለገ ሰው ጥሩምባ ነፊ ይቀጥር ነበርና ማስመሰያው ብዙ ፈላጊ አላገኘም።

በግንቦት 1965 ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በሆሊውድ «ሳቲስፋክሽን» የተባለውን ዘፈን ሲቀርጽ ኪት ሪቻርድስ ይህን ፔዳል ተጠቀመ። እሱም ቢሆን ያሰበው እንደ ጊብሰን ነበር። የጊታሩ ዜማ በኋላ በትንፋሽ መሣሪያዎች እንዲተካ ለጊዜው የተቀመጠ ምልክት ነበር። ቀረጻው ግን እንዳለ ታተመ፤ በአሜሪካም አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት በሱቆች የተከማቸው ፈዝ-ቶን ተሸጦ አለቀ።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። ሠሪው ኩባንያ ዕቃው የጥሩምባ ምትክ ነው ብሎ ያምን ነበር። ታዋቂ ያደረገውም ተጫዋች የጥሩምባ ምትክ ነው ብሎ ያምን ነበር። ድምፁ ለራሱ የሚበቃ ድምፅ መሆኑን መጀመሪያ የተቀበለው አድማጩ ነው። ስለዚህ የፈጠራ ታሪክ ስንጽፍ ፓተንቱ በተመዘገበበት ቀን ብንዘጋው ግማሹን ብቻ መጻፋችን ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በ1965 በለንደን ጋሪ ኸርስት «ቶን ቤንደር» የተባለውን ፔዳል ሠራ። በ1966 እዚያው ለንደን የአርቢተር ድርጅት «ፈዝ ፌስ» የተባለውን ክብ ፔዳል አወጣ። በ1967 መጀመሪያ ሮጀር ሜየር፣ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሚኒስቴር በድምፅና በንዝረት ትንተና ይሠራ የነበረ ወጣት ባለሙያ፣ ለጂሚ ሄንድሪክስ «ኦክታቪያ» የተባለውን ሰርኪውት ሠራለት፤ በ«ፐርፕል ሄዝ» ዘፈን ላይ የሚሰማው እሱ ነው። በ1969 በኒው ዮርክ የማይክ ማቲውስ ድርጅት «ቢግ መፍ»ን አወጣ። ድምፁ እኛም ዘንድ ሩቅ አልቀረም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተቀረጹ የሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች ውስጥ የዋ-ዋና የፈዝ ጊታር ከቪብራፎኑና ከሳክስፎኑ ጎን ይሰማል።

ዐሥራ አንድ ዕቃዎች

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንቅረብ። ከፊታችሁ ባለው ብሬድቦርድ ላይ የሰካሁት የፈዝ ፌስን ሰርኪውት ነው። የመረጥሁት በትንሽነቱ ነው። ሁለት ትራንዚስተሮች፣ አራት ሬዚስተሮች፣ ሦስት ካፓሲተሮችና ሁለት በእጅ የሚዞሩ መቆጣጠሪያዎች አሉት፤ በድምሩ ዐሥራ አንድ ዕቃዎች፣ በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ከጊታሩ የሚወጣው ቮልቴጅ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች ነው። ሁለቱ ትራንዚስተሮች ተጋግዘው ያንን ሞገድ ብዙ እጥፍ ሊያጎሉት ይሞክራሉ። ባትሪው ግን 9 ቮልት ብቻ ነው። ሞገዱ ከዚያ አልፎ ሊያድግ አይችልምና ጣሪያው ሲነካ አናቱ ይጠፈጠፋል፤ ወለሉም ሲነካ እንዲሁ። የተጠፈጠፈ ሞገድ ደግሞ ቀድሞ በውስጡ ያልነበሩ ድምፆችን ይወልዳል። የላዩና የታቹ አቆራረጥ እኩል ከሆነ የመሠረታዊው ድግግሞሽ ሦስት እጥፍ፣ አምስት እጥፍ፣ ሰባት እጥፍ የሆኑ አጃቢዎች ይመጣሉ። አቆራረጡ ካልተመጣጠነ ሁለት እጥፍና አራት እጥፍ የሆኑትም ይጨመራሉ። ጆሯችን «ሻካራ» የሚለው ይህን ጭማሪ ነው።

ሁለት ድምፆች አብረው ሲገቡ የሚሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ባለ 200 ኸርዝና ባለ 300 ኸርዝ ሁለት ድምፆች አብረው ቢገቡ ልዩነታቸው 100፣ ድምራቸውም 500 ኸርዝ ሆኖ ይወጣል። 100 ኸርዝ ከ200ው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይስማማል፤ ሁለት ክሮች ብቻ ተመትተው የትልቅ መሣሪያ ግርማ ይሰማል። ሦስትና አራት ድምፆች ያሉት ውስብስብ ቅንብር ቢገባ ግን ልዩነቶቹና ድምሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ጭቃ ይሆናል። የሮክ ጊታር ተጫዋቾች በሁለት ድምፆች የሚመቱትን ቀላል ቅንብር የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰርኪውቱ የዜማውን ሰዋስው ለወጠው ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፈዝ ፌሶች የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ነበሯቸው። ጀርማኒየም ግን አመለኛ ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር የታተመባቸው ሁለት ትራንዚስተሮች የማጉላት ኃይላቸው በብዙ ሊለያይ ይችላል። ሙቀትም ይረብሻቸዋል፤ በውስጣቸው የሚያፈሰው ጅረት ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ፔዳሎች አንዱ ይዘምራል፤ ሌላው ያጉረመርማል። ሄንድሪክስን የመሳሰሉ ተጫዋቾች ብዙ ፔዳሎችን አሰልፈው የሚስማማቸውን ይመርጡ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሠሪዎቹ ይበልጥ የማይዋዥቀውን ሲሊከን ሲተኩበት ድምፁ አስተማማኝ ሆነ፤ ግን ሹል ሆነ። እስከ ዛሬ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጡ ወገኖች አሉ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው የመጀመሪያው ትራንዚስተር ከተጣለ አሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ጀርማኒየም ነው። የመለኪያውን ቁጥር እዩት፤ የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ከባትሪው ግማሽ አጠገብ፣ በ4.5 ቮልት አካባቢ ነው። አሁን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር በሁለት ጣቶቼ እይዘዋለሁ። ቁጥሩ ሲንሸራተት ታያላችሁ፤ የገላዬ ሙቀት ብቻ ነው። መጽሐፍ ይህን በአንድ ቀመር ይነግራችኋል። በጣቱ የያዘው ሰው ግን አይረሳውም።

ከዳቦ ጣውላ እስከ ፕላስቲክ ሰሌዳ

ይህን ማድረግ የቻልሁት ግን በብሬድቦርድ ነው። ስሙ በጥሬው የዳቦ መቁረጫ ጣውላ ማለት ነው፤ ምሳሌያዊ አነጋገርም አልነበረም። ሬዲዮ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን የአሜሪካ አማተር ሬዲዮ ሠሪዎች ከማዕድ ቤት የዳቦ ጣውላ አምጥተው፣ ምስማርና ብሎን መትተውበት፣ ሽቦውን በምስማሩ ላይ እየጠመጠሙ ወይም እየበየዱ ሰርኪውታቸውን ይሠሩበት ነበር። ጣውላው ርካሽ ነበር፤ ሁሉም ነገር በግልጽ ይታያል። ሆኖም የተበየደን ነገር ለመለወጥ ብየዳውን ማቅለጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ዕቃ ያቃጥላል።

ዛሬ የምናውቀው ብየዳ የማይፈልግ ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ በ1971 በአሜሪካ የኢ ኤንድ ኤል ኢንስትሩመንትስ ድርጅት ባልደረባ በሮናልድ ፖርቹጋል የተነደፈ ነው። ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ከፕላስቲኩ በታች አምስት አምስት ቀዳዳዎችን የሚያገናኙ የብረት መቆንጠጫዎች አሉ። በመካከሉ ያለው ቦይ የተቀናጁ ሰርኪውቶች እግሮች ግራና ቀኝ እንዲቀመጡበት የተተወ ነው። የዕቃውን እግር ስትሰኩት ይያዛል፤ ስትስቡት ይለቃል። ሙሉ ፈጠራው ይህ ነው።

ሰሌዳው ጉድለት አለው። በጎን ለጎን መቆንጠጫዎቹ መካከል ጥቂት ፒኮፋራድ ያልተፈለገ ካፓሲታንስ ስላለ ለከፍተኛ የሬዲዮ ድግግሞሽ አይመችም። እግሮቹ ሲላሉም ግንኙነቱ ይቆራረጣል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ግን ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ብቻ ነው፤ በዚህ ክልል ሰሌዳው ታማኝ ነው። ስለዚህ የጊታር ሰርኪውትና ብሬድቦርድ የተስማሙት በአጋጣሚ አይደለም። ቮልቴጁ ዝቅተኛ ነው፤ ባትሪው ሰው አይጎዳም፤ ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ውጤቱም ያለ ኦሲሎስኮፕ በጆሮ ይሰማል። ትራንዚስተሩን በሌላ ለውጡት፤ ድምፁ ይለወጣል። የመውጫውን ካፓሲተር ከ0.01 ማይክሮፋራድ ወደ 0.1 አሳድጉት፤ ዝቅተኛው ድምፅ ይከብዳል። ሬዚስተሩን በሚዞር መቆጣጠሪያ ተኩት፤ ድምፁ ሲታነቅና ሲተነፍስ ትሰማላችሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ጊዜ መሳሳት ይቻላል።

ከሰሌዳው ጋር ጽሑፍም መጣ። በ1975 ክሬግ አንደርተን «ኤሌክትሮኒክ ፕሮጀክትስ ፎር ሚዩዚሺያንስ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው መሐንዲስ ላልሆኑ ሙዚቀኞች ነው፤ ሬዚስተር ምን እንደሆነና ብየዳ እንዴት እንደሚያዝ ከማስተማር ይጀምራል። ከዚህ በኋላ በመሐንዲሱና በሙዚቀኛው መካከል የነበረው ድንበር እየሳሳ ሄደ። ቀድሞ ስኖዲና ማርቲን፣ ሜየርና ሄንድሪክስ ሁለት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጫወታል። አሁን አንድ ሰው ማታ ሰክቶ ማታውኑ ሊጫወት ቻለ።

የተገለጠና የተሸፈነ ሰርኪውት

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሰርኪውት የማን ነው?

ፓተንት በባሕርይው ድርድር ነው። መንግሥት ለፈጣሪው ለተወሰነ ዘመን ብቸኛ መብት ይሰጠዋል፤ ፈጣሪውም በምላሹ አሠራሩን ለሕዝብ ይገልጣል። የስኖዲና የሆብስ ሰርኪውት በ1965 ፓተንት ሲያገኝ ሥዕሉ ለሚያነብ ሁሉ ተገለጠ። ብዙ ሠሪዎች ግን ሌላ መንገድ መርጠዋል። ቢል ፊኔጋን ከ1994 ጀምሮ በእጁ ይሠራው የነበረው «ክሎን ሴንቶር» የተባለ ፔዳል ሰርኪውቱ በጥቁር ኢፖክሲ ተደፍኖ ነበር። በድምሩ 8,000 ያህል ብቻ ስለተሠሩ ያገለገሉት በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ። የሆነ ሆኖ ከጊዜ በኋላ ኢፖክሲውን በትዕግሥት የፈለፈሉ ሰዎች ሰርኪውቱን አነበቡት፤ ሥዕሉም ተሠራጨ። በውስጡ የተገኙት አብዛኞቹ ዕቃዎች በማንኛውም ሱቅ የሚገኙ ነበሩ።

በዚህ ጉዳይ ለመፍረድ አልቸኩልም። አንድ ሰው ለብዙ ዓመታት የደከመበትን ሥራ ትልልቅ ፋብሪካዎች በአንድ ወር ቀድተው እንዳይሸጡበት ቢሸፍን መብቱ ነው፤ እንጀራው ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ሙያ ታሪክ በሙሉ ስንመለከት እያንዳንዱ ሰርኪውት የሌላ ልጅ ሆኖ እናገኘዋለን። ቶን ቤንደር የተነሣው ከማየስትሮ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የቀደሙትን ከፍተው ያዩ ሰዎች ሥራ ናቸው። በየከተማችን ያሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞችም ይህን ያውቃሉ። ከፍቶ ማየት ለእነርሱ ትምህርት ቤታቸው ነው፤ ብዙዎቹም ሥዕል ሳይሰጣቸው ሰርኪውት ማንበብን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች ይህን ዕውቀት «የልምድ» ብለን ዝቅ ማድረጋችን ስሕተት ይመስለኛል። ስኖዲ በዚያ ቀን ያደረገው ከአንድ ጥሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ሥራ የሚለይ አልነበረም፤ ብልሽቱን አገኘ፣ ምክንያቱን ለየ። የተለየው ከመጠገን ይልቅ ለማባዛት መወሰኑ ነው።

ወደ ቤተ ሙከራችን

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት አንድ ተቃውሞ ልመልስ። «ታዲያ ብልሽት ሁሉ ጥሩ ነው ልትለን ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በሕክምና መሣሪያ ውስጥ ያለ የተከረከመ ሞገድ የሰው ሕይወት ያጠፋል። በዚያ ስቱዲዮ ከተበላሹት ትራንስፎርመሮች አንዱ ታሪክ ቢሠራ ሌሎቹ ተጥለዋል፤ መጣልም ነበረባቸው። እኔ የምለው ብልሽትን ውደዱ አይደለም። ያያችሁትን ጻፉ ነው የምለው። ከዚያ በኋላ ልታስወግዱት ወይም ልታባዙት ትችላላችሁ፤ ለሁለቱም መጀመሪያ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ማጉያን ያለ መዛባት ለመንደፍ የሚፈልግ ተማሪ መዛባት ከየት እንደሚመጣ ከማንም በላይ ማወቅ አለበት።

የቤተ ሙከራ ልምምዶቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሳቸው አስቀድሞ የተጻፈ ነው። ተማሪው የሚመዘነው ባገኘው ሳይሆን ከተጠበቀው ጋር በመግጠሙ ነው። እንዲህ ያለ ምዘና እኔን ያስተማረኝ መዋሸትን ነው። በዚያ ቀን አጠገቤ የተቀመጡት ጓደኞቼም ደብተሮቻቸው ላይ ያማረ ሞገድ ነበር። ስንቶቻችን እንዳየነው አላውቅም፤ ተጠያይቀን አናውቅምና።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ መምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ልምምድ ውጤቱ በመመሪያው ያልተጻፈ ይሁን። ብሬድቦርዶቹ ከተቆለፈው ቁም ሣጥን ይውጡ፤ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ትራንዚስተርና ትንሽ ስፒከር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጊታር ባይኖር የስልክ ሙዚቃም ይበቃል። ማርኩም ለተሳካው ሰርኪውት ሳይሆን በሐቀኝነት ለተጻፈው ደብተር ይሰጥ፤ ምን ሰካሁ፣ ምን ሰማሁ፣ ምን ለወጥሁ፣ ከዚያስ ምን ሆነ።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ንግግሩ ሲያበቃ ይህ ሰሌዳ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ቀርባችሁ አንዱን ዕቃ ንቀሉና በሌላ ተኩ። የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ አጠገቡ ባዶ ደብተር አስቀምጫለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በዚያ ልምምድ ቀን ያየሁትን የተከረከመ ሞገድ፣ ብዙ ዓመት ዘግይቼም ቢሆን፣ ሥዬዋለሁ። ቀጣዮቹን ገጾች እናንተ ሙሉ።